የማሩ ግማሽ የማን ነው?



የፈረንጆች ዘመን በተለወጠ ማግሥት የፊልም ሽልማት ወራት ይገባል። በዚህ ወራት በየመሥሪያ ቤቱ፣ በሻይ ሰዓት፣ «ኦስካርን ዘንድሮ ማን ይወስደው ይሆን?» እያሉ የሚከራከሩ ጥቂት ሰዎች አይጠፉም። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። ሥነ ሥርዓቱ በሎስ አንጀለስ ከተማ እሑድ ወደ ማታ ሲጀመር በእኛ አገር ሰኞ ሊነጋ ጥቂት የቀረው ሌሊት ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ሰኞ በቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ እንቅልፍ ሲታገለኝ እንደምውል የሥራ ጓደኞቼ ያውቁታል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ስለ እንቅልፌ ለማውራት አይደለም። ሐውልቱን ሳይወስድ የቀረ አንድ ፊልም በእኔ ላይ እንዴት እንደ ፈረደብኝ ለመግለጽ ነው። እንደ እኔ ያለ ሌላ ሰው ቢኖር ይጠቀምበት ይሆናልና ቦታ እንድትሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ፊልም መውደድ የጀመርሁት በልጅነቴ ነው። ከሲኒማ ቤት ስንወጣ ጓደኞቼ በፈረስ ላይ ሆኖ ስለሚተኩሰው ጀግና እጃቸውን እያወናጨፉ ሲያወሩ፣ እኔ በልቤ ይዤ የምወጣው ከጀግናው በስተኋላ የቆመውን ተራራና ፈረሱ ውሃ የጠጣበትን ወንዝ ነበር። ከገጠር ለትምህርት ወደ ከተማ የመጣሁ ልጅ ስለ ነበርሁ ይመስለኛል። ተምሬ ደመወዝተኛ ከሆንሁ በኋላም ይኸው ጠባይ አልለቀቀኝም።

እንዲህ ላለ ተመልካች የሽልማቱ ነገር ብዙ ጊዜ ያስገርመዋል። አሜሪካዊው ቴሬንስ ማሊክ በ1978 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) «የገነት ቀኖች» የሚል ስም ያለው ፊልም አወጣ። ታሪኩ በቴክሳስ የስንዴ እርሻ ላይ የሚፈጸም ሲሆን ሥዕሉ የተነሣው ግን በካናዳ፣ በአልበርታ ነው። ካሜራውን የመራው ኔስቶር አልሜንድሮስ ብዙውን ክፍል ያነሣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሰማዩ ገና ሳይጨልም በምትገኘው አጭር ጊዜ ነበር። በዚያች ብርሃን የታየውን ማሳ አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። አልሜንድሮስ በ1979 ኦስካር ተሸለመ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የብርሃኗ ባለቤት ፀሐይ፣ ስንዴውም፣ ስንዴውን ያወዛወዘው ነፋስም በሽልማቱ መዝገብ ስማቸው አልተጻፈም። ይህ ቀልድ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ቀልድም ነው። ይሁን እንጂ ከቀልዱ በስተጀርባ አንድ ዕዳ አለ።

በአገራችንም ያሬድ ዘለቀ የሠራውን፣ ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ የሚናገረውን «ላምብ» የተባለውን ፊልም አስታውሳለሁ። በ2015 በካን የፊልም በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እርሱ ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ በዘመዶቹ ቤት ተቀምጦ፣ ለበዓል ሊታረድ የታሰበውን በጉን ለማዳን ሲታገል ያሳያል። አገራችን ለኦስካር ልካው ነበር፤ ከዕጩዎቹ ግን አልገባም። እኔ ፊልሙን ካየሁ ወዲህ በበዓል ዋዜማ በግ በገመድ ሲጎተት ባየሁ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ፊልም ዋናውን ሥራ የሚሠራው ተመልካቹ ከአዳራሽ ከወጣ በኋላ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በ2019 ከሰሜን መቄዶንያ «ሐኒላንድ»፣ በእኛ ቋንቋ «የማር ምድር» የተባለ ፊልም ወጣ። የሠሩት ታማራ ኮቴቭስካና ሉቦሚር ስቴፋኖቭ ናቸው። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ወደ ስፍራው የሄዱት በብሬጋልኒጻ ወንዝ አካባቢ ስላለው የተፈጥሮ ጥበቃ አጭር ፊልም ለማዘጋጀት ነበር። እዚያም በኮረብታ መካከል፣ መብራትና የቧንቧ ውሃ በሌለበት፣ ነዋሪዎቹ ጥለውት በሄዱት ቤኪርሊያ በሚባል መንደር ወይዘሮ ሐቲጄ ሙራቶቫ የሚባሉ ንብ አርቢ አገኙ። ወይዘሮ ሐቲጄ ትዳር ሳይዙ፣ አልጋ ላይ የዋሉ እናታቸውን እያስታመሙ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ፊልም ሠሪዎቹ ሦስት ዓመት ያህል እየተመላለሱ ከ400 ሰዓት በላይ የሚሆን ሥዕል አነሡ። ሴትዮዋ የሚናገሩት ቱርክኛ ነበር፤ ፊልም ሠሪዎቹ ቋንቋውን ስለማያውቁ መጀመሪያ ሥዕሉን ያቀነባበሩት ንግግሩን ሳይሰሙ፣ በዓይን ብቻ እያዩ ነው። ስለዚህም ይመስለኛል፣ ቃሉን የማይሰማ ተመልካች እንኳ የፊልሙን ታሪክ ይረዳዋል።

የወይዘሮ ሐቲጄ ሕግ አንዲት ናት። ማር ሲቆርጡ ግማሹን ወስደው ግማሹን ለንቦቹ ይተዋሉ። የደረሳቸውን ማር ተሸክመው ወደ ስኮፕዬ ከተማ ይወርዱና ሸጠው፣ ለራሳቸው የጠጉር ቀለም፣ ለእናታቸውም የሚያስፈልገውን ገዝተው ይመለሳሉ። ኋላ አንድ ብዙ ልጆች ያሉት ከብት አርቢ ከነቤተ ሰቡ መጥቶ አጠገባቸው ሰፈረ። ወይዘሮ ሐቲጄ በደስታ ተቀበሉት፤ ንብ ማርባትም አስተማሩት። ከዚያ አንድ ነጋዴ መጣና «ማር ጨምር፣ ብዙ አምጣ» እያለ ወጠረው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የሚያበላቸው ልጆች አሉት። ሆኖም ለንቦቹ የሚገባውን ግማሽ አንሥቶ ሸጠው። ምግብ ያጡት ንቦቹ የወይዘሮ ሐቲጄን ቀፎዎች ወረሩ፤ የወይዘሮዋም ንቦች አለቁ። ሰውየው መንደሩን ለቅቆ ሄደ፤ እናታቸውም በክረምት ሞቱባቸው። ፊልሙ የሚናገረው ይህን ብቻ ነው።

ሽልማቱን በሚመለከት፣ ፊልሙ በ2019 ጥር በሰንዳንስ የፊልም በዓል ሦስት ሽልማት አገኘ። በ2020 ለኦስካር በአንድ ጊዜ በሁለት ክፍል፣ በዘጋቢ ፊልምና በዓለም አቀፍ ፊልም፣ ታጨ፤ እንዲህ የሆነ ፊልም ከዚያ በፊት አልነበረም። የሰኞ ሌሊት ከእንቅልፌ ተነሥቼ ስከታተል ዘጋቢውን «አሜሪካን ፋክተሪ»፣ ዓለም አቀፉን የኮሪያው «ፓራሳይት» ወሰዱት። ሁለቱም መልካም ፊልሞች ናቸው። እኔ ግን ተናደድሁ። «ዳኞቹ ማር የሚያውቁት በብልቃጥ ነው!» ብዬ ለብቻዬ ጮኽሁ።

ከጮኽሁ በኋላ ግን ዝም አልሁ። ዝም ያልሁበትን ምክንያት መናገር ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም እናገራለሁ።

ታላቅ ወንድሜ በጎጃም ገበሬ ነው። ስድስት ባህላዊ ቀፎ ነበሩት። በየዓመቱ አደይ አበባ ረግፎ ጥቅምት ሲጋመስ ማር ይቆርጥና ሃያ አምስት ኪሎ ያህል ይልክልኛል፤ እኔም ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ አከፋፍልና ገንዘቡን እልክለታለሁ። ማሩ ንጹሕ በመሆኑ ስሙ ከቢሮ ቢሮ ተሰማ። በዚያው በ2019 መስከረም የጠያቂው ብዛት አርባ ኪሎ ደረሰ። እኔም ስልክ ደወልሁና «ጋሼ፣ ዘንድሮ ጨምርልኝ፤ ሰው ይጠብቀኛል» አልሁት።

እርሱም «የሚጨመር የለም፤ የቀረው የንቡ ነው» አለኝ።

«ንቡ ሌላ ይሠራል እንጂ! ዘንድሮ ብቻ፤ አታሳፍረኝ» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለና፣ «አየህ፣ አንተ በየወሩ ደመወዝ ትቀበላለህ። የንብ ደመወዝ ግን አበባ ባለበት ወራት ብቻ ነው። በጋውን በሙሉ ያንኑ እየቆነጠረ ይኖራል» አለኝ።

ይህን ንግግር ሰምቼ ሳቅሁ። ለጓደኞቼም እንደ ጨዋታ አወራሁላቸው። ወንድሜ ግን ቃሌን መግፋት አልሆነለትም፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ የምረዳው እኔ ስለ ሆንሁ እምቢ ለማለት አፍሮ እንደ ነበር የገባኝ ኋላ ነው። አርባው ኪሎ መጣ። ተከፋፈልነው፤ በላነው፤ ጠጅም የጣለ ነበር። በጥር ወር ወንድሜ ደውሎ ከስድስቱ ቀፎ አራቱ ባዶ መሆናቸውን፣ ንቡ ኮብልሎ መሄዱን ነገረኝ። እኔም «ሌላ ይገባል፣ አይዞህ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ረሳሁት።

እንግዲህ በዚያ ፊልም ላይ ስለታየው ነጋዴ አስቡልኝ። ፊልሙን ሳይ በሰውየው ተቆጥቼ ነበር። «እንዲህ ያለ ጨካኝ!» ብዬም ነበር። ያን ሌሊት ሽልማቱ ለሌላ ሲሰጥ በዳኞቹ ላይ ስጮኽ ነው፣ ያ ነጋዴ በአማርኛ ቢናገር ኖሮ የሚናገረው የእኔን ቃል እንደ ነበር የታወቀኝ። «ጨምርልኝ፤ ሰው ይጠብቀኛል» ያልሁት እኔ ነኝ። አባቶቻችን «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፤ ሞኝ ይልሳል» ያሉት ለእኔ ነበር። በሩቅ አገር ላለች ንብ እያዘንሁ የወንድሜን ንብ አባርሬ ነበር። ያን ጊዜ ፊልም መውደዴም ሆነ ተፈጥሮን መውደዴ የዓይን ብቻ እንጂ የእጅ አለመሆኑ ገባኝ።

እንደ ነጋ ለወንድሜ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምን ሆነህ ነው በጧት?» አለኝ። ስለ ፊልሙ ነገርሁት። እርሱም በጥሞና ከሰማኝ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሴትዮዋስ ንባቸው ተመለሰ?» አለኝ። ስለ ኦስካሩ ግን ምንም አልጠየቀኝም። ከሽልማቱ በተገኘው ገንዘብ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች በሌላ መንደር ቤት እንደ ገዙላቸው ብነግረው፣ «እሱስ ደግ አደረጉ» አለ።

በሚቀጥለው ዓመት ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ማር እንደሌለ ነገርኋቸው። ያኮረፈም፣ «ለሌላ ሸጠኸው ነው» ብሎ ያማኝም አልጠፋም። ወንድሜ ባዶዎቹን ቀፎዎች በወይራ አጥኖ መልሶ ሰቀላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱ አዲስ መንጋ ገባባቸው፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው። ዛሬ የሚልክልኝን ያህል እቀበላለሁ፤ ዋጋውንም ከፍ አድርጌ እከፍለዋለሁ እንጂ «ጨምር» አልልም። የልጆቹንም የትምህርት ወጪ ከማሩ ጉዳይ ለይቼ እልካለሁ፤ አንዱ ለሌላው ማስገደጃ እንዳይሆን።

አገራችን በአፍሪካ ከሁሉ የበለጠ ማር የምታመርት አገር ናት። የዚህም ማር ብዙው የሚገኘው እንደ ወንድሜ ካለ ገበሬ ባህላዊ ቀፎ ነው። እኛ የከተማ ሠራተኞች ግን ማሩን የምናየው በጣሳና በብልቃጥ ነው፤ ከጣሳው በስተኋላ ያለውን ቀፎ፣ ከቀፎውም በስተኋላ ያለውን ጫካ አናይም። ስለዚህ በበዓል ሰሞን ለዘመዶቻችን ስንደውል «ስንት ኪሎ አለ?» ከማለት በፊት «ለንቡ ተርፎለታል?» ብንል ምን ይጎዳናል? ለቅቤውም፣ ለከሰሉም፣ ለማገዶውም ጥያቄው ይኸው ነው።

ለፊልም ወዳጆችም አንድ ቃል አለኝ። ዛሬ ኦስካርን በድምፃቸው የሚወስኑት 10 ሺህ ያህል ሰዎች ናቸው። ከ2026 ሽልማት ጀምሮ በአንድ ክፍል የታጩትን ፊልሞች ሁሉ ያላየ አባል በዚያ ክፍል በመጨረሻው ዙር ድምፅ እንዳይሰጥ ሕግ ወጥቷል። መልካም ሕግ ነው። ይሁን እንጂ እኛም እንደ ዳኞቹ ሕግ ያስፈልገናል፤ ፊልሙን ያየ ሰው ያየውን ነገር በገዛ ቤቱ ሳይፈልግ «ግሩም ነው» ብሎ አይፍረድ እላለሁ። የወርቅ ቅብ ሐውልቱ አራት ኪሎ አይሞላም፤ በወንድሜ ቀፎ የተተወው ማር ከዚያ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ።

ዘንድሮም የሽልማቱ ሌሊት ሲደርስ ከእንቅልፌ መነሣቴ አይቀርም፤ ልማድ ነውና። ነገር ግን ሲነጋ መጀመሪያ የምደውለው ስለ አሸናፊዎቹ ለሚከራከሩት ጓደኞቼ ሳይሆን ለወንድሜ ነው።

አንድ የፊልም ወዳጅ
ከአዲስ አበባ