አዲሱ ስልክ ለምን ከአሮጌው ይዘገያል?

አዲስ ስልክ የያዘ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ፍጥነት ነው። ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ኢንተርኔቱም አብሮ የሚፈጥን ይመስለናል። ብዙ ቤት ውስጥ የሚያጋጥመው ግን ተቃራኒው ነው። ስክሪኑ ያማረ፣ ካሜራው የጠራ ስልክ ተይዞ ቪዲዮው መሐል ላይ ይቆማል፤ ፎቶው አልላክም ይላል። ያኔ ወቀሳው በሻጩ፣ በኔትወርኩ፣ አለዚያም ስልኩን በላከው ዘመድ ላይ ይወርዳል።

በእኛ ቤት የወረደው በእህቴ ላይ ነበር። አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለእናታችን አዲስ ስልክ በሰው ላከች። ሁለቱ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቪዲዮ ይነጋገራሉ። በአሮጌው ስልክ ደህና ይተያዩ የነበሩት እናትና ልጅ፣ በአዲሱ ግን ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ምስሉ ባለበት እየቆመ “ይሰማል? ይሰማል?” ሲባባሉ ሰዓቱ ያልቃል። በሦስተኛው እሑድ እናቴ “ልጄን አታለው ሸጠውላት ነው” አለች። ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ደግሞ “ርካሽ ፈልጋ ይሆናል” ብሎ ጨመረበት። ወሬው እህቴ ጆሮ ደረሰ። በትርፍ ሰዓት ሥራ ባገኘችው ገንዘብ የገዛችው ስጦታ መናቁ አስከፋትና ሁለት እሑድ ሳትደውል ቀረች።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ያደረግኩትን ሙከራ ማንም በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱን ስልኮች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ያንኑ ሲም ካርድ በየተራ እያስገባሁ፣ በደቂቃዎች ልዩነት በፍጥነት መለኪያ አፕ ደጋግሜ ለካሁ። ቦታው፣ ሰዓቱና ሲሙ አንድ ከሆነ የሚቀረው ልዩነት የስልኩ ነው። አሮጌው ከላይ 4ጂ የሚል ምልክት ያሳያል፤ አዲሱ ከ3ጂ አያልፍም። በሥራ ቦታዬ ዋይፋይ ስሞክራቸው ግን አዲሱ አሮጌውን ጥሎት ሄደ። ስለዚህ አዲሱ ስልክ አልተበላሸም፤ ችግሩ ከኔትወርክ ማማው ጋር የሚገናኝበት መንገድ ላይ ነው።

4ጂ አንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ባንድ በሚባሉ የፍሪኩዌንሲ ክፍሎች ተከፋፍሎ ይሰራጫል። በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ በብዛት የሚሠራበት ባንድ 3 የሚባለው 1800 ሜጋኸርዝ ነው። የአሜሪካ ድርጅቶች ደግሞ በአብዛኛው በ600፣ በ700፣ በ1700 እና በ1900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባሉ ሌሎች ባንዶች ይጠቀማሉ። ውድ የሆኑት ስልኮች አብዛኞቹን ባንዶች አጠቃለው ይይዛሉ። ለአንድ አገር ገበያ ብቻ የሚመረቱ መካከለኛና ርካሽ ስልኮች ግን የሌላውን አገር ባንድ ሊተዉት ይችላሉ። ኤፍኤም ብቻ የሚይዝ ሬዲዮ የቱንም ያህል ቢወደድ የሾርት ዌቭ ጣቢያ እንደማያሰማ ማለት ነው።

በስም አንድ የሆኑ ስልኮችም ለየገበያው በተለያየ የሞዴል ቁጥር ይመረታሉ። የእናቴን ስልክ የሞዴል ቁጥር ሴቲንግ ውስጥ “ስለ ስልኩ” ከሚለው ሥር ወስጄ የአምራቹን ዝርዝር ሳይ ባንድ 3 የለበትም። ስልኩ እህቴ ባለችበት አገር ጥሩ ነው፤ ማንም አላታለላትም። ይህንን ለሁለቱም አስረዳኋቸው። አሁን አሮጌው ስልክ ዳታውን ይቀበልና በሆትስፖት ለአዲሱ ያካፍለዋል። እናቴም የልጇን ፊት በትልቁ ስክሪን ታያለች።

የፍጥነት ልዩነት ሁሉ ግን ከባንድ አይመጣም። ስልክዎን ከመሸጥዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ።

ሲም ካርዱ፦ አዲስ አበባ 4ጂ የገባው በ2007 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ሲም ካርድ ካለዎት 4ጂ ላይሠራ ስለሚችል፣ መታወቂያ ይዘው አገልግሎት ማዕከል ሄደው መቀየር እንዳለበት ይጠይቁ።

ሴቲንጉ፦ የሞባይል ኔትወርክ ምርጫው 3ጂ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ይዩ። ሁለት ሲም ካለዎት ዳታው ጥቅል በገዙበት ሲም ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ቪፒኤን ተከፍቶ ከተረሳም ፍጥነት ይቀንሳል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት፦ አዲስ ስልክ የድሮ ፎቶዎችን ሲያወርድና አፖችን ሲያድስ ከጀርባ ዳታ ይበላል። ያን ጊዜ ሌላው ሥራ ይንቀራፈፋል፤ ጥቅሉም ሳይታወቅ ያልቃል። ይህን በዋይፋይ መጨረስ ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ ያለው 5ጂ፦ ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በአዲስ አበባ በሙከራ ደረጃ የጀመረው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ማማው በሌለበት ሰፈር 5ጂ ስልክ የሚሠራው በ4ጂ ነው። አንዳንድ አምራቾችም 5ጂን የሚከፍቱት ለተስማሙባቸው ኔትወርኮች ብቻ ነው።

ሰዓቱና ቦታው፦ የአንድን ማማ አቅም በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ይካፈለዋል። ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ስልኩን በሚነካካበት ምሽት የለካችሁትን ከሌሊቱ ጋር አታወዳድሩ። ወፍራም ግድግዳም ሲግናል ያዳክማልና መስኮት አጠገብ ይሞክሩ።

ከውጭ ስልክ ሊልክልዎ ላሰበ ዘመድ “የሞዴል ቁጥሩን አስቀድመህ ላክልኝ” ማለት ስጦታን መናቅ አይደለም። ባንድ 3 እንዳለው፣ ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ ያልተቆለፈ መሆኑን ሳይገዛ ያጣራ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ አጭር መልእክት ነው፤ ዕቃው አገር ቤት ከገባ በኋላ ግን ባንድ የሚጨምርለት ጠጋኝ የለም።