ስለ ሴቶች ጫማና ስለ ገንዘብ አያያዝ

ልብስ ገላን እንዲሸፍን፥ ጫማም እግርን እንዲጠብቅ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ጫማን ለጌጥ ብቻ የተሠራ አድርጎ ስለሚቈጥረው፥ ገንዘብ ያለው ያለ ልክ ይገዛል፤ ገንዘብ ያጠረውም ለእኔ ምኔ ነው ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ስሕተት መሆኑን በወለጋ አገር ምሳሌ ለማስረዳት እንወዳለን።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምቱ ረዥም፥ መሬቱም ቀይ ሸክላ ነው። ዝናም በጣለ ጊዜ በባኬ ጃማ በኩል በእግሩ ያለፈ ሰው ጭቃው እንዴት እንደሚይዝ ያውቃል፤ በጊምቢም በነጆም በደምቢ ዶሎም ነገሩ እንዲሁ ነው። በገበያ ቀን ከገጠር የምትመጣ ሴት ብዙ ጊዜ ጫማዋን በእጅዋ ይዛ በባዶ እግርዋ ትጓዝና፥ ከከተማው ዳር ስትደርስ እግርዋን ታጥባ ትጫማለች። አሳብዋ ጫማው ቶሎ እንዳያልቅ መቈጠብ ነው። ነገር ግን በዚህ አኳኋን ጫማው ከጭቃ ሲድን እግሩ ለጭቃ ይሰጣል።

ይህም እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር፥ በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው የእግር እብጠት በቈላ በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑን አስረዳ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውም በሽታ ይኸው ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የቀይ አፈር ደቃቅ ትቢያ በባዶ እግር ቈዳ በኩል ይገባና፥ በትውልድ ለዚህ የተጋለጠውን ሰው እግር ከዓመት ወደ ዓመት ያሳብጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ቸል ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋራ ቈጥሮታል። ወለጋም ይህ በሽታ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዱ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም፤ ከሕፃንነት ዠምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብ ይከለከላል።

እንግዲህ ጥቂት ገንዘብ ያላት ሴት ምን ትግዛ? መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው እንደ ተባለው፥ ከመግዛት በፊት ሥራን መቍጠር ይገባል። ለአንዲት ሴት በደንብ የተመረጠ ሦስት ጥንድ ጫማ ይበቃታል። የመጀመሪያው ለእርሻ፥ ለውሃ መቅጃና ለክረምት መንገድ የሚሆን ድፍን የጎማ ጫማ ወይም ቦቲ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፥ በውሃ ይታጠባል፤ ነገር ግን እግርን ስለሚያልብ ማታ አውልቆ እግርን ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ታኮው ዝቅ ያለ፥ ጥቁር ወይም ቡና ዓይነት ድፍን የቈዳ ጫማ ነው፤ ይህ ከሥራ ልብስም ከነጭ የአገር ልብስም ጋራ ስለሚስማማ ለመሥሪያ ቤት፥ ለለቅሶና ለሠርግ ያገለግላል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማውለቅም እንዲያመች ማሰሪያው ያልበዛ ይሁን። ሦስተኛው ለቤትና ለበጋ የሚሆን ሰንደል ነው፤ ይህ ግን እግርን ስለማይሸፍን ለጭቃ መንገድ አይሆንም። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የመጀመሪያው ይቅደም።

ዋጋም የሚመዘነው በግዢው ቀን ብቻ አይደለም። በሦስት ወር የሚቀደድ ጫማ በዓመት አራት ጊዜ ይገዛል፤ ሶሉ የተሰፋ ደኅና የቈዳ ጫማ ግን ጫማ ሰፊ እያደሰው ብዙ ዓመት ይቈያል። የረጠበ ቈዳ ከእሳት አጠገብ ቢያደርቁት ይሰነጠቃል፤ ወረቀት ጠቅጥቆ በጥላ ማድረቅ፥ ቀለምም መቀባት ዕድሜውን ያረዝመዋል። እግር በቀን ሥራ ስለሚያብጥ ጫማን ወደ ማታ ለክቶ መግዛት ይሻላል።

ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። በብዙ ቤት ጫማ ሲገዛ አስቀድሞ ለአባትና ለወንድ ልጅ ነው፤ ለሴት ልጅ የሚገዛው ቢተርፍ ነው። ውሃ የምትቀዳና እንጨት የምትለቅም ግን እርስዋ ናት፤ ስለዚህ ከቀይ አፈር ጋራ ውላ የምታድር እግር ከሁሉ በኋላ ጫማ ያገኛል። ይህ ሥርዓት መገልበጥ አለበት።

ሹማምንት ለትምህርት ቤት ልጆች ርዳታ ባሰቡ ጊዜ ከደብተርና ከእርሳስ ጋራ ድፍን ጫማን ቢያስቡ፥ ለሐኪም ቤት የሚወጣውን ወጪ አስቀድመው ያቃልላሉ። ካህናትም፥ ሙሴ በተቀደሰው ስፍራ ጫማውን ያወለቀው ጫማ ስለ ነበረው መሆኑን ለሕዝባቸው ቢያስታውሱ፥ እግሩ ያበጠውንም ሰው ከጉባኤ እንዳያርቁት ቢያስተምሩ፥ ታላቅ ሥራ ሠሩ ይባላል። ጫማ ቢያልቅ ይታደሳል ወይም ይለወጣል፤ እግር ግን ምትክ የለውም።