ለጠባብ ኪስ የሚሆን መልካም የጆሮ ማዳመጫ

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ ለዓይኑ ያስባል፤ ግድግዳውን ይለቀልቃል፥ መጋረጃውን ይመርጣል፥ ሥዕሉን ይሰቅላል። ለጆሮው ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ግቢ ውስጥ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ስፍራ አብልጦ የሚቸገረው ጆሮ ነው። ተማሪው በስልክ የሚሰጠውን ትምህርት መከታተል ይፈልጋል፤ እናት በባዕድ አገር ያለው ልጅዋ የላከላትን ድምፅ ደጋግማ መስማት ትወዳለች፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ደግሞ ቀን መተኛት ይሻል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሳይጣሉ እንዲኖሩ ከተፈለገ፥ መልካም የጆሮ ማዳመጫ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የቤት መሣሪያ ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ፥ ጆሮን ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍነውና ጠፍጣፋ ማግኔታዊ ማዳመጫ ስለሚባለው ዕቃ፥ ይልቁንም ይህ ዕቃ በአነስተኛ ዋጋ እንዴት ሊነደፍ እንደሚችል ነው። ለሐሳባችን መለኪያ እንዲሆነን የመረጥነው በካርቱም የሚገኘውን ሐጅ ዩሱፍን ነው። ሐጅ ዩሱፍ ከጥቁር ዓባይ በስተ ምሥራቅ ያለ ሰፊ ሰፈር ሲሆን፥ በ1980ዎቹ ዓመታት ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በብዛት ሰፍረውበታል፤ ሱቅ ሲታ የሚባለው ገበያውም የታወቀ ነው። ከአገራችንና ከኤርትራ የተሰደዱ ብዙ ሰዎችም ካርቱምን መጠጊያ አድርገው ኖረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሣው ጦርነት የከተማይቱን ሕዝብ በታተነው፤ ከሸሹትም መካከል በመተማ በኩል ወደ አገራችን የገቡ አሉ። እንዲህ ባለ ሰፈር ለሚኖር ወይም ከዚያ ለተሰደደ ቤተ ሰብ የሚሆን ዕቃ፥ ጸጥ ባለ ሳሎን ለሚቀመጥ ባለጸጋ ከተሠራው ጋራ አንድ ሊሆን አይችልም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን የዕቃውን አሠራር እንመልከት። በተለመደው ማዳመጫ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥቅል ሽቦ ከሥሥ ሽፋን ጋራ ተጣብቃ በማግኔት መካከል ትቀመጣለች፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንቀጠቀጣለች፥ ሽፋኑንም ትገፋለች። ነገር ግን ግፊቱ የሚያርፈው በሽፋኑ አንድ ክብ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፥ የቀረው ክፍል እየተጎተተ ይከተላል፥ አንዳንድ ጊዜም በየራሱ ይንቀጠቀጣል። በጠፍጣፋው ማዳመጫ ግን ጥቅል ሽቦ የለም፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሥሥ ብረት እንደ እባብ እየተጠማዘዘ በፕላስቲኩ ገጽ ላይ ይዘረጋል። ከሽፋኑ ፊትና ኋላ፥ ወይም በአንድ ወገን ብቻ፥ የማግኔት ዘንጎች እንደ አጥር ይደረደራሉ። ስለዚህ ሽፋኑ በአብዛኛው ገጹ ላይ በአንድነት ይገፋል። ዕቃው በሚገባ ከተሠራ የክራሩ ክር ሲመታ የሚሰማው ስለታም ጅማሬና የመሲንቆው ጭራ ሻካራነት ሳይደበላለቁ ይለያሉ፤ የሩቅ ዘመድ ድምፅም ጥርት ብሎ ይሰማል።

ይህ አሠራር ትናንት የተገኘ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዙ ዋርፍዴል እንዲህ ያለ ማዳመጫ ለገበያ አቅርቧል፤ በ1976 ደግሞ የጃፓኑ ያማሃ፥ መልኩን ጣሊያናዊው ማሪዮ ቤሊኒ የነደፈውን ኤች ፒ 1 የተባለውን አወጣ። በዚያ ዘመን የነበረው የፌራይት ማግኔት ግን ክብደቱ ብዙ፥ ኃይሉ ጥቂት ነበረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን ማሳቶ ሳጋዋ፥ በአሜሪካም ጆን ክሮት በየበኩላቸው ከኒዮዲሚየም፥ ከብረትና ከቦሮን የተቀመመውን ብርቱ ማግኔት ካስገኙ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። በ2007 የተቋቋመው ሃይፋይማንና በ2008 የተቋቋመው ኦዲዚ ይህን ዓይነት ማዳመጫ እንደ ገና አስፋፉት። ሃይፋይማን በ2017 ሱስቫራ የተባለውን በ6,000 የአሜሪካ ዶላር፥ በ2021 ደግሞ ኤች ኢ 400 ኤስ ኢ የተባለውን በ149 ዶላር አወጣ። ከአንድ ድርጅት የወጡ፥ በአንድ የተፈጥሮ ሕግ የሚሠሩ ሁለት ዕቃዎች በዋጋ አርባ እጥፍ ከተለያዩ፥ ነዳፊው ሊመረምረው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ የት የት ይገባል? ከየትኛውስ ቢቀነስ ድምፁ አይጎዳም? የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ነገር ሽፋኑ ነው። ጥንካሬው 0.3 ቴስላ በሆነ የማግኔት መስክ ውስጥ 3 ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ተዘርግቶ 10 ሚሊ አምፔር ቢያልፍበት፥ የሚገኘው ግፊት 0.009 ኒውተን ነው፤ ይህም አንድ ግራም ከማይሞላ ዕቃ ክብደት ጋራ እኩል ነው። ግፊቱ ይህን ያህል ጥቂት ከሆነ ሽፋኑ እጅግ ቀላል መሆን አለበት። ስፋቱ 8 በ6 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱም 12 ማይክሮን የሆነ የፖሊኤስተር ሽፋን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ክብደቱ 0.08 ግራም ያህል ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋትና 12 ማይክሮን ውፍረት ያለው 3 ሜትር የአሉሚኒየም መስመር ሲጨመርበት ሁሉም 0.13 ግራም ይሆናል። ዛሬ በቻይና ያሉ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አታሚዎች ተጣጣፊ ሰሌዳ በጥቂቱም ቢሆን በርካሽ አትመው ይልካሉ፤ ጀማሪም በዚህ ይሳባል። ሆኖም እነዚህ ሰሌዳዎች ብዙውን ጊዜ ከፖሊኢሚድና ከመዳብ የሚሠሩ ናቸው። በዚያው ስፋት 25 ማይክሮን ፖሊኢሚድ ከዚያው ልክ የመዳብ መስመር ጋራ ሲመዘን 0.33 ግራም ይሆናል፤ ይኸውም ከፊተኛው ሁለት እጥፍ ተኩል ይከብዳል። እንዲህ የከበደ ሽፋን ድምፁ ይደክማል፤ ለሙከራ ይረዳ ይሆናል እንጂ ለቤት ዕቃ አይበቃም። ስለዚህ ከሽፋኑ ላይ መቆጠብ አይገባም። ትንሽ የሥራ ቤት ያለው ሰው ሽፋኑንና ማግኔቱን አንድ ላይ የያዘውን ልብ ከትልቅ ፋብሪካ ተሠርቶ ያለቀውን ቢገዛ ይሻለዋል፤ ፋብሪካው የመሣሪያውን ወጪ በብዙ ሺህ ዕቃ ላይ ስለሚያከፋፍለው ዋጋው ይቀላል።

ሁለተኛው ማግኔቱ ነው። የኒዮዲሚየም ማግኔት ብርታት ኤን 35፥ ኤን 42፥ ኤን 52 እየተባለ በቁጥር ይመደባል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል። ቁጥሩ የሚያመለክተው ግን የታመቀውን ጉልበት ነው እንጂ የመስኩን ጥንካሬ በቀጥታ አይደለም። ስሌቱ እንደሚያሳየው ከኤን 35 ወደ ኤን 52 ቢታለፍ የመስኩ ጥንካሬ የሚያድገው ከመቶ 22 ያህል ብቻ ነው፤ ይህም በድምፅ መለኪያ ሁለት ዴሲቤል አይሞላም። ስለዚህ እዚህ ላይ መቆጠብ ይቻላል። በሁለት ወገን ፈንታ በአንድ ወገን ብቻ ማግኔት መደርደርም ወጪውንና የራስን ሸክም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ግን ሽፋኑ ወደ ማግኔቱ ሲቀርብ ግፊቱ ይበረታል፥ ሲርቅ ይደክማል፤ በመጠነኛ ድምፅ ንግግርና ዘፈን ለሚሰማ ሰው ይህ ጉድለት አነስተኛ ሲሆን፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚሰማ ግን ይታወቃል።

ሦስተኛው ቤቱ ነው፤ የሐጅ ዩሱፍ መለኪያ የሚያስፈልገንም በዚህ ላይ ነው። ከታወቁት ጠፍጣፋ ማዳመጫዎች ብዙዎቹ ጀርባቸው ክፍት ነው። ክፍት ጀርባ ድምፁን ሰፊና የማይታፈን ያደርገዋል፤ ነገር ግን የውጪውን ጫጫታ ያስገባል፥ የውስጡንም ያስወጣል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር በሚያጓራበት፥ ሕፃን ግድግዳ ተጠግቶ በሚተኛበት ግቢ ይህ መልካምነት ወደ ጉዳት ይለወጣል፤ ሰሚው ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፁን ይጨምራልና። ስለዚህ ለእኛ ቤት ጀርባው የተዘጋ ወይም በከፊል የተዘጋ ይሻላል። የተዘጋ ጀርባ ደግሞ በውስጡ ድምፅ እያስተጋባ ያውካል፤ ይህን የሚያበርደው የተዳመጠ የሱፍ ጨርቅና ጥጥ ሲሆን፥ ሁለቱም ርካሽ ናቸው።

በካርቱም የሚነሣው ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበልም ሊታሰብበት ይገባል። የብረት ቅንጣት ያለበት አቧራ በማግኔት ይሳባል፤ ከሽፋኑ ጋራ ከተነካካም ድምፁ ይንጫጫል። ስለዚህ ቀዳዳው ሁሉ በሥሥ ጨርቅ መሸፈን አለበት። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ኃይሉን ማጣት ይጀምራልና፥ ማዳመጫውን ፀሐይ በሚያቃጥለው ቆርቆሮ ላይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ መተው አይገባም። የጆሮው ትራስም በላብና በሙቀት የማይሰነጣጠቅ፥ ተነቅሎም የሚታጠብ መሆን አለበት። ከትራሱና ከራስ መካከል ክፍተት ካለ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ሻሽ ወይም ቶብ የምትለብስ ሴትም ትራሱን በልብሱ ላይ ሳይሆን በልብሱ ሥር ብታደርገው ይሻላታል።

ከቤቱ ጀምሮ ዕቃን ማሻሻል እንደሚቻል የታወቀ ምሳሌ አለ። የጃፓኑ ፎስቴክስ ቲ 50 አር ፒ የተባለው ማዳመጫ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጥ፥ ጀርባው በከፊል የተዘጋ ዕቃ ነው። ብዙ ወዳጆቹ እየከፈቱ በውስጡ የልጆች መጫወቻ ጭቃና የሱፍ ጨርቅ እየጨመሩ፥ ትራሱንም እየለወጡ ድምፁን አሻሻሉት። አሜሪካዊው ዳን ክላርክም በ2010ሮቹ መጀመሪያ ይህንኑ ዕቃ አስተካክሎ ማድ ዶግ በሚል ስም ይሸጥ ነበር፤ በኋላ የራሱን ማዳመጫ እስከ መሥራት ደረሰ። የሥራው መነሻ ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም፤ የሌላውን ሥራ መክፈት፥ ማዳመጥ፥ መለካትና እንደ ገና ማስተካከል ነበር። በየገበያው ስልክ የሚጠግኑ ወጣቶቻችንም መበየጃውንና ትዕግሥቱን ይዘዋልና ይህ መንገድ ለእነርሱ የተዘጋ አይደለም።

እንግዲህ የሚቆጠብበትና የማይቆጠብበት ይህ ነው። ከውጪው ጌጥ፥ ከውድ እንጨትና ከቆዳ፥ ከሣጥኑ ማማርና ከማግኔቱ ከፍተኛ ቁጥር ሊቆጠብ ይችላል። ከሽፋኑ ቀላልነት፥ ከትራሱ አገጣጠም፥ ከግራና ከቀኙ መመሳሰል ግን አይቆጠብም። የሽፋኑ ውጥረት ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቂት ቢለያይ ድምፁ ወደ አንድ ጆሮ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ሠሪው እያንዳንዱን በማይክሮፎን ለክቶ የሚመሳሰሉትን ማጣመር አለበት። ገመዱም ያለ ብየዳ ተነቅሎ የሚለወጥ ይሁን፤ ልቡ ሳይሞት ገመዱ ተበጥሶ የሚጣል ማዳመጫ አለና። ደግሞም ዕቃው በእጅ ስልክ አነስተኛ ኃይል የሚናገር መሆን አለበት፤ ለብቻው አምፕሊፋየር የሚያስገዛ ማዳመጫ ርካሽ ነው ሊባል አይችልም።

ወላጆች ሁለት ነገር እንዲያስተውሉ እናሳስባለን። አንደኛው፥ ማዳመጫ በቤት ሲፈታ የማግኔቱ ስብርባሪ ከሕፃናት መራቅ አለበት፤ ሕፃን ሁለት ማግኔት ከዋጠ በአንጀቱ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተሳስበው አንጀቱን ሊበሱት ይችላሉ፤ ይህ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የድምፁ መጠን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋራ በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፥ ሕፃን ደግሞ በ75 ዴሲቤል ለዚያው ያህል ሰዓት ቢያዳምጥ ሊታገሠው እንደሚችል ተመልክቷል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ለምሳሌ አዋቂው 40 ሰዓት የተፈቀደለት በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት ብቻ ይሆናል። በጫጫታ የጠፋ የመስማት ኃይልም አይመለስም።

ስለዚህ ዕቃ የምንገዛም የምንሠራም ሁሉ፥ ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት ይህ ማዳመጫ በእኛ ግቢ፥ በእኛ አቧራና ሙቀት፥ በእኛ ስልክ ያገለግላልን? ቢበላሽስ በሰፈራችን ሊጠገን ይችላልን? ብለን እንጠይቅ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ማዳመጫ መልኩ ባያምርም፥ የማርኩ ስም ባይታወቅም፥ ተማሪውን ከትምህርቱ፥ እናትንም ከልጅዋ ድምፅ ጋራ ያገናኛል፤ የተኛውንም አይቀሰቅስም።