ከቆጮው ጎን ማን ይሰለፍ?

ሆሳዕና ላይ ኳስ ቀልድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሰው ሀዲያ ሆሳዕና ሲጫወት የከተማው ወሬ ሌላ አይሆንም። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የ"ነብሮቹን" ማልያ እያለመ ማለዳ የሚሮጠው ታዳጊ ጉዳይ ግን ለየት ይላል። ሥጋና እንቁላል እንዲበላ ይመከራል፤ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ቆጮ በጎመን ነው።

ቆጮን ለማማት አይደለም። እንሰት ስንቱን ክፉ ቀን ያሻገረ ተክል ነው፤ ጉልበትም ይሰጣል። ችግሩ ፕሮቲኑ ነው። በ100 ግራም ቆጮ ውስጥ ያለው ከ1 እስከ 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ደግሞ ጠንክሮ ለሚሠራ ስፖርተኛ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ተጫዋች ቢያንስ 72 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይሄን ከቆጮ ብቻ አገኛለሁ ካለ ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ ሊበላ ነው። ማን ይችለዋል? ከበላስ በኋላ ማን ይሮጣል?

በመስቀል ሰሞን ችግር የለም። የሀዲያው ያሆዴ፣ የከምባታው መሳላ ሲደርስ ሰንጋ ይታረዳል፤ አታካናው በቅቤና በወተት ይሠራል። ሊግ ግን ወራት ይፈጃል። በልምምድ የተጎዳ ጡንቻ መጠገኛ ካጣ ልጁ ይከሳል እንጂ አይጠነክርም።

ዓለም ለዚህ ጥያቄ ካመጣቸው መልሶች አንዱ ለእኛ ጆሮ ይከብዳል፦ ነፍሳት፣ እነ አንበጣ፣ ፌንጣና ምስጥ! የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት 2 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ ነፍሳትን እንደሚመገብ ገልጿል። ካምፓላ ላይ የፌንጣ ጥብስ መንገድ ዳር ይሸጣል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ አልቀሩም፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 አንበጣን ለገበያ ፈቅዷል። ደርቆ የተፈጨ ፌንጣ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ጥሬ ሥጋ ሩብ እንኳ አይሞላም (ውሃ ስለሚበዛው ፉክክሩ ትክክለኛ ባይሆንም)።

በሃይማኖት በኩል ቢሆን ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አንበጣን ይፈቅዳል፤ በእስልምናም ሐላል ነው። እምቢ የሚለው ሆድ ነው። ለዚያውም በ2012 ዓ.ም. አገሪቱን እንደወረረው ዓይነት መንጋ መድኃኒት ስለሚረጭበት ለቅሞ መጥበስ አደጋ አለው።

ሆድ የማይቀየመው ሌላ መንገድ አለ፤ በዶሮ በኩል። "ጥቁር ወታደር ዝንብ" የሚሏት ነፍሳት እጭ በጓሮና በገበያ ትራፊ ያድጋል፤ ሲደርቅ 40 ከመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። እጩን ዶሮዋ ትበላለች፣ ልጁ እንቁላሉን። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። የዶሮ መኖ በተወደደበት ዘመን ይሄ ሊናቅ አይገባውም።

እስከዚያው ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ የተረሳ አንድ ተጫዋች አለ፤ ቦሎቄ። በአካባቢው በሰፊው ይመረታል፤ በ100 ግራም ቅቅል 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይይዛል። ሦስት መቶ ግራም ቅቅል ከቆጮው ጎን ቢሰለፍ ከ72ቱ ግራም ከሲሶ በላዩ ተገኘ ማለት ነው። ወተት ሲጨመርማ ሌላ ጨዋታ ነው። ለማገዶ የሚሳሳ ቤተሰብ ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎት ይደር፤ ጠዋት ቶሎ ይበስላል፣ ሆድም ያን ያህል አይነፋም።