ኦሪጅናል የሌላቸው ዘፈኖች

አሜሪካዊው የቀልድ ዘፋኝ ዊርድ አል ያንኮቪክ የሚታወቀው በሌሎች ዜማ ላይ የራሱን ግጥም በመጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የማይክል ጃክሰንን «ቢት ኢት» ወስዶ ስለ ምግብ ዘፍኖበታል። ይህ ሥራው አስተዋዋቂ አያሻውም። ያለ አግባብ የተዘነጋው ሌላኛው ነው፤ ዜማውንም ግጥሙንም ራሱ ደርሶ፣ አዘፋፈኑንና ቅንብሩን ግን በአንድ ዘፋኝ ወይም ባንድ ስልት የሚሠራቸው ዘፈኖች። የስልት ፓሮዲ እንበላቸው።

እነዚህን ዘፈኖች የሰማ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ኦሪጅናሉ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። አንድ ወዳጄ፣ ጎበዝ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፣ «ዴር ቱ ቢ ስቱፒድ» የተባለውን የ1985 ዘፈን ሰምቶ ዴቮ የተባለውን ባንድ ወዲያው ለየ። ከዚያ ኦሪጅናሉን ፍለጋ የባንዱን አልበሞች አንድ በአንድ በረበረ። አላገኘም፤ ሊያገኝም አይችልም። ኦሪጅናል የለውማ! ትዝታን ከባቲ የሚለይ ጆሮ ዘፈኑን ከዚያ በፊት መስማት አያስፈልገውም፤ ቅኝቱን ይይዛል። እዚህም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ጆሮ ነው። የምንፈልገው አንድ ዘፈን ሳይሆን የአንድ ሙዚቀኛን የዓመታት ልማድ ነው።

ኦሪጅናል የመፈለግን ስህተት ከሁሉ በላይ ያባባሰው «ቦብ» የተባለው የ2003 ዘፈን ይመስለኛል። ያንኮቪክ እዚህ የሚያስመስለው ቦብ ዲለንን ነው። ቪዲዮው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ዘፋኙ ቆሞ ቃላት የተጻፉባቸውን ካርዶች እያሳየ አንድ በአንድ ይጥላል። ይህ አቀራረብ ዲለን በ1965 «ሰብተሬኒያን ሆምሲክ ብሉዝ» ለተባለው ዘፈኑ ከተቀረጸው ፊልም የተወሰደ ነው። ተመልካቹም ካርዶቹን ሲያይ «አሃ፣ የዚያ ዘፈን ፓሮዲ ነው» ብሎ ይደመድማል። እባካችሁ ምስሉን አጥፍታችሁ ስሙት። ዜማው የዚያ ዘፈን አይደለም። የምትሰሙት ከአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ፣ በስንኝ መጨረሻ ላይ የሚጎተት ቃል፣ በመሐል እየገባ የሚያቋርጥ ሃርሞኒካ ነው። እነዚህ ከአንድ ዘፈን የተቀዱ ሳይሆኑ የ1960ዎቹ ዲለን ጠባዮች ናቸው።

የዘፈኑ ትልቁ ብልሃት ግን ግጥሙ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ስንኝ በእንግሊዝኛው ፊደል ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ ነው፤ ርዕሱም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ስንኝ የሚገጥም ሰው ቃላቱን የሚመርጥለት ፊደሉ እንጂ ሐሳቡ አይደለም። ስለዚህ የማይገናኙ ነገሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው አለው፣ ትርጉሙ ግን ይሸሻል። ዲለንም በዚያ ዘመን ለመፍታት የሚያስቸግሩ ምስሎችን እየደራረበ ይዘፍን ነበር፤ አድማጩም ከኋላቸው የተሰወረ ምስጢር ይፈልግ ነበር። ያንኮቪክ የዲለንን ሐሳብ አልወሰደም፣ ቃላቱንም አልወሰደም። ያንኑ ስሜት የሚፈጥር ሌላ መንገድ አገኘ። በዚያ ድምፅ ሲዘፈን ምንም ያልታሰበበት ስንኝ ከባድ ቅኔ መስሎ ይሰማል። ዲለንን የማያውቅ ሰው ይህን ዘፈን ቢሰማ የተዘበራረቁ ቃላት ብቻ ነው የሚያገኘው። ምንጩን መለየት የአዋቂዎች ጨዋታ ነው የሚሉትን የማልቀበለው ለዚህ ነው። እዚህ ምንጩ ራሱ ቀልዱ ነው።

ዴቮም ላይ የሠራው እንዲሁ ነው። የኦሃዮ ልጆች የሆኑት የባንዱ አባላት ምታቸው እንደ ማሽን የተቆራረጠ፣ ሲንተሳይዘራቸው የሚጮህ፣ ግጥማቸው በመፈክርና በትእዛዝ የተሞላ ነበር። ያንኮቪክም ምክሮችን ገልብጦና አጣሞ በዚያው ምት ደረደራቸው። የዴቮው መሪ ድምፃዊ ማርክ ማዘርስባው ዘፈኑን ሲሰማ መደንገጡን፣ እጅግ ውብ ሆኖ እንዳገኘውና በዚሁ ምክንያት ያንኮቪክን እንደጠላው ተናግሯል። ለአንድ አስመሳይ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም።

ጆሯችሁን ማሠልጠን ከፈለጋችሁ ከግጥሙ አትጀምሩ፤ ግጥሙ ሊያስቃችሁ ነው የተጻፈው። ከቤዝ ጊታሩና ከድራሙ ጀምሩ። በ2006 የወጣውን «ፓንክሪያስ» ስሙ፤ ጉዳዩ ስኳር የሚቆጣጠረው ቆሽት ነው። ቤዙ ሌሎች ባንዶች በሚያሳርፉበት ኖታ ላይ ሳያርፍ ይዞራል፣ ድምፆች በድምፆች ላይ ይደራረባሉ፣ ዘፈኑ በመሐል ክፍል እየቀየረ ይሄዳል። የቢች ቦይስ ባንዱን ብራያን ዊልሰን የሚያውቅ ሰው አንድ ቃል ሳይሰማ ይለየዋል። ለዚህ ደግሞ ምስጋናው የያንኮቪክ ባንድም ነው። ድራመሩ ጆን ሽዋርትዝ፣ ቤዚስቱ ስቲቭ ጄይና ጊታሪስቱ ጂም ዌስት ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አብረውት አሉ፤ በአንድ አልበም ውስጥ የአምስት የስድስት ባንድ እጅ ይኖራቸዋል። ስማቸውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ለሚያስመስሉት ሙዚቃ መቅረብ ግን መጠን አለው። የእንግሊዙ ኒል ኢንስ ራትልስ ለተባለው የቢትልስ ቀልድ በ1978 የደረሳቸው ዘፈኖች ዜማቸው በጣም ስለቀረበ የቢትልስን ዘፈኖች መብት የያዘው ኩባንያ ጠይቆት ገቢውን ለመካፈል ተገዷል። ስልት በሕግ የተያዘ አይደለም፤ ዜማ ግን የባለቤቱ ነው። ያንኮቪክ ይህን መስመር ጠብቆ ነው የሚሄደው።

አድማጮች ግን እንደ እሱ አይጠነቀቁም። ሙዚቃ በኢንተርኔት መለዋወጥ በተጀመረበት ጊዜ፣ የተገኘ የቀልድ ዘፈን ሁሉ በእሱ ስም ይለጠፍ ነበር፤ እሱ በጭራሽ የማይዘፍናቸው ጸያፎች ሳይቀሩ። ሳቅ የያዘ ዘፈን ሁሉ የአንድ ሰው ነው ብሎ የሚያምን ጆሮ፣ ሳቁን እንጂ ዘፈኑን አልሰማም። ፋይሉን ከማጋራታችሁ በፊት ማን እንደ ዘፈነው አጣሩ፤ ሠሪው ሌላ ሰው ከሆነ ድካሙን እየነጠቃችሁ ነው።

ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ሥራውን ምን ያህል እንደሚያከብሩት ለማየት «ክሬግስሊስት»ን ስሙ። ዶርስ በተባለው ባንድ ስልት የተሠራ፣ ስለ ኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚያወራ ዘፈን ነው። ኪቦርዱን የሚጫወተው የዶርሱ ሬይ ማንዛሬክ ነው። የፍራንክ ዛፓን ስልት በሚከተለው «ጂኒየስ ኢን ፍራንስ» ላይ ልጁ ድዊዝል ዛፓ ጊታር ተጫውቷል፤ የቤን ፎልድስን ስልት በሚያስመስለው ሌላ ዘፈን ላይ ፒያኖውን የተጫወተው ራሱ ቤን ፎልድስ ነው። ባለቤቶቹ ገብተው የተጫወቱበትን ሥራ እኛ «ቀልድ ነው» ብለን በግማሽ ጆሮ የምንሰማበት ምክንያት የለም።