አሥራ ስምንት ሰዎችና አንድ ነርስ

ዛሬ ወደ ሰሜን ዋልታ አቅጣጫ ልውሰዳችሁ። በኖርዌይና በግሪንላንድ መካከል፣ ከውቅያኖሱ መሐል ያን ማየን የምትባል የኖርዌይ ደሴት አለች። በሰሜን በኩል 2,277 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በረዶ የለበሰ ቤረንበርግ የተባለ እሳተ ገሞራ ቆሞባታል። ተወላጅ ነዋሪ የላትም። ያሉባት ኦሎንኪንቢየን በምትባል ትንሽ መንደር ተመድበው የሚሠሩ 18 ያህል ሰዎች ብቻ ናቸው። የአየር ጠባይ ይመዘግባሉ፣ የመገናኛ መሣሪያ ይጠብቃሉ፣ ጄኔሬተር ያንቀሳቅሳሉ፣ ምግብ ያበስላሉ። ብዙዎቹ ስድስት ወር ያህል አገልግለው በሌላ ይተካሉ። ከመካከላቸው አንዱ ነርስ ነው።

ዕድሜዬን በዚሁ ሙያ ስላሳለፍኩ ቀልቤን የሳበው ይኸው ነው። ደሴቲቱ ወደብ የላትም፤ መርከብ ሲመጣ ራቅ ብሎ ይቆምና ዕቃው በጀልባ ይወርዳል። አውሮፕላን የሚያርፈው በጠጠር ሜዳ ላይ ነው፤ እሱም በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ጉሙና ነፋሱ ከፈቀደ። ስለዚህ ትርፍ አንጀት ያመመውን ሰው ሪፈር ጽፎ መላክ ቀላል አይደለም። ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላ በገጠር ጤና ጣቢያ ተረኛ የነበረ ባለሙያ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ትልቁ ሕክምና ሰው እንዳይታመም መጠበቅ ነው።

ደሴቲቱ ይህን በከባድ ዋጋ አስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1633 ሆላንዳውያን ዓሣ ነባሪ አዳኞች ሰባት ሰዎችን በዚያ ትተው ሄዱ፤ ክረምቱን እንዲያሳልፉ ነበር። ሰዎቹ የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ ጽሑፉ በሚያዝያ 1634 መጨረሻ ላይ ይቆማል። በበጋው መርከቦቹ ሲመለሱ ሰባቱም ሞተው ተገኙ። የገደላቸው በዋናነት ስከርቪ የተባለው የቫይታሚን ሲ እጥረት እንደሆነ ይታመናል። ምግብ አልጠፋባቸውም፤ የጠፋው ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ነው።

ሰውነታችን ቫይታሚን ሲን ራሱ አይሠራም። ከምግብ ካልገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ድካም ይጀምራል፣ ድድ ያብጣል፣ ይደማል፣ ቁስል አልድን ይላል፤ ካልታከመም ይገድላል። መድኃኒቱ ግን ከጓዳችን አይጠፋም፦ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን። ብዙ ሲበስል ቫይታሚኑ ስለሚቀንስ፣ ጥሬውን የሚበላውን በሚገባ አጥቦ መብላት ይመረጣል።

ሁለተኛው ፈተና ጨለማው ነው። በያን ማየን ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሁለት ወር ያህል ፀሐይ አትወጣም። ብርሃን ሲጠፋ እንቅልፍ ይዛባል፣ ስሜት ይወርዳል፣ ሰው ከሰው መሸሽ ይጀምራል። መከላከያው ቀላል ይመስላል፤ በሰዓቱ መተኛትና መነሣት፣ መንቀሳቀስ፣ ከሁሉም በላይ ከሌሎች ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ። ከማዕድ የቀረ ሰው ቶሎ ይታወቃል፤ «ምን ሆነሃል?» የሚለውም ይገኛል።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። ልጆቻችሁ በኖርዌይ፣ በስዊድን ወይም በፊንላንድ የሚኖሩ ወላጆች ብዙ ናችሁ። በዚያ በክረምት ፀሐይዋ ደካማ ስለሆነች ቆዳ ቫይታሚን ዲ መሥራት አይችልም፤ በበጋም ቢሆን ጠቆር ያለ ቆዳ ለዚህ ረዘም ያለ ጊዜ በፀሐይ መቆየት ይፈልጋል። ስለዚህ ልጆቻችሁ ስለ ቫይታሚን ዲ የጤና ባለሙያ እንዲያማክሩ ንገሯቸው። ለሳምንታት የዘለቀ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ካለም «ናፍቆት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይዩ።

ከኅዳር እስከ ጥር ስትደውሉ ደግሞ ስለ ሥራና ስለ ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ዛሬ ምን በላህ? ከማን ጋር በላህ? ለሁለተኛው ጥያቄ ዘወትር «ብቻዬን» የሚል መልስ ከሰማችሁ፣ ደጋግማችሁ ደውሉ፤ በአቅራቢያው ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ብቅ እንዲልም አድርጉ።