ጥሩ ዘፈን በምን ይታወቃል?

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። የበዓሉ ባለቤት የሆነው ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓሉ ፈረሶች በዓድዋና በኋላም በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ዘመን ለዋሉት ውለታ መታሰቢያ ነው። በዕለቱ እንጅባራ በጉግስና በሶምሶማ ግልቢያ፣ በሽለላና በዘፈን ትደምቃለች። ይሁን እንጂ በአደባባይ የሚሰማ ዘፈን ሁሉ እኩል አይነሣም። አንዱን አውጪው ገና አፉን ሲከፍት ሕዝቡ ይቀበለዋል፤ ሌላው በድምፅ ማጉያ እየተስተጋባም ቢሆን ሰሚውን ዝም አሰኝቶ ያልፋል። ልዩነቱ የዘፋኙ ድምፅ ማማር ብቻ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከመድረክ ይልቅ ወደ አዝመራው መሄድ ይሻላል። የገበሬ ዘፈን ከሁሉ አስቀድሞ የሥራ መሣሪያ ነው። በወንፈል ወይም በደቦ የተሰባሰቡ አጫጆች ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ አውጪው አንድ ስንኝ ይጥላል፣ ተቀባዮች አጭር አዝማች ይመልሳሉ። አዝማቹ አጭር የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወገቡን አጥፎ ማጭድ የያዘ ሰው ረጅም ሐረግ ለማዜም ትንፋሽ አይበቃውም። ምቱም ከእጁ እንቅስቃሴ ጋር መግጠም አለበት፤ ቢፈጥን አጫጁን ያደክመዋል፣ ቢዘገይ ያሰንፈዋል። በአውድማ ላይ ደግሞ ልኩን የሚወስነው የበሬዎቹ እርምጃ ስለሆነ የውቂያ ዘፈን ረጋ ያለና የሚዞር ነው። ስለዚህ የገበሬው መመዘኛ ቀላል ነው፤ ሥራውን ያቀለለ ዘፈን ጥሩ ነው፣ ያላቀለለ ተረስቶ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ግጥሙ ነው። በአማርኛ ዘፈን ዘንድ እጅግ የተለመደው የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። አምስት አምስት ቀለም ያለው ሰንጎ መገን ቆረጥ ቆረጥ ስለሚል ለፉከራና ለሽለላ ይስማማል። ምጣኔው ሲጠበቅ ተቀባዩ ስንኙ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሳይጠሩት የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ለአብነት ያህል የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በወል ቤት የቋጠረውን ሁለት ስንኝ እንመልከት፦

ዘመድ ሁሉ ሲርቅ ጎተራው ሲሳሳ፣
ቀድሞ ደረሰልኝ ገብስ ከጓሮ ማሳ።

ሰሙ የሚታወቅ ነገር ነው፤ በክረምት መውጫ እህል ሲያልቅ ገብስ ከሌላው ሰብል ቀድሞ ይደርሳል። «ደረሰልኝ» ግን «በስሎ ታጨደልኝ» ብቻ ሳይሆን «በችግሬ ጊዜ ረዳኝ» ማለትም ነው። ወርቁም ገብስን ማመስገን ሳይሆን የራቀውን ዘመድ መውቀስ ነው። የወቀሳው ጥቅም ማንንም በስሙ ሳይጠራ በሠርግ ቤት እንኳ ሊዜም መቻሉ ነው። ሰሚው ትርጉሙን ራሱ ፈልቅቆ ስላገኘው ስንኙን አይረሳውም። ዛሬ በየጊዜው ከሚወጡት ዘፈኖች ብዙዎቹ የሚጎድላቸው ይህ ይመስላል፤ ሁሉን ነገር በመጀመሪያው ስንኝ ጨርሰው ለአድማጭ የሚተዉት የላቸውም።

ቃልና ዜማም መስማማት አለባቸው። በአማርኛ «ገና» ላልቶ ሲነገር ያልደረሰ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነገር የልደትን በዓል ያመለክታል፤ «ዋና»ም ላልቶ የውኃውን፣ ጠብቆ ደግሞ ዐቢይ የሆነውን ነገር ነው። ዜማ ደራሲው የሚላላውን አጥብቆ ካስዜመ ትርጉሙ ይፋለሳል። የአገው አዊ ሕዝብ ቋንቋ በሆነው በአዊኛ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። አዊኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉምን ወይም ሰዋስዋዊ አገባብን ሊለይባቸው ከሚችሉ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቋንቋው ራሱ ግማሽ ዜማ ይዞ ይመጣል ማለት ይቻላል። ለአማርኛ ግጥም የተሠራን ዜማ ወስዶ የአዊኛ ቃላት መደርደር የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉ ወደ ታች ሲል ዜማው ወደ ላይ ከወጣ አድማጭ ቃሉን ለመለየት ይቸገራል።

ዜማው የሚቆምበት ቅኝት በአብዛኛው ከአራቱ አንዱ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ። ሁሉም በአምስት ድምፆች የተገነቡ ሲሆኑ፣ የሚለያቸው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። መሰንቆ አንድ ጭራ ብቻ ያለው፣ ጣት የሚያርፍበትም ቦታ ያልተከለለለት መሣሪያ ስለሆነ ተጫዋቹ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር አስማምቶ የፈለገውን ድምፅ ያወጣል። (ጭራው ከፈረስ ጅራት የሚገኝ መሆኑን የፈረሰኞች አገር ልጆች ልብ ይሏል።) ኪቦርድ ግን የድምፆቹ ርቀት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በአገር ዜማ ውስጥ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች ስላሉ፣ በኪቦርድ ብቻ የታጀበ ዘፈን ቅኝቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ጣዕሙ የሚጎድለው ለዚህ ነው። ኪቦርድ አይግባ ማለት ግን አይደለም፤ መሰንቆው ወይም ዋሽንቱ አብሮት ቢገባ የጎደለውን ይሞላል።

ማሕሙድ አሕመድም በዛወርቅ አስፋውም ትዝታን ተጫውተዋል። ቅኝቱ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያምታታ አድማጭ የለም። ከምቱ፣ ከግጥሙና ከቅኝቱ በላይ ያለው የዘፋኙ ድርሻ ይህ ነው፤ የት ላይ እንደሚያቆም፣ የት ላይ ድምፁን እንደሚሰብር መወሰኑ።

የአዊ ገበሬ ዘፈን ዛሬ ያለበት ሁኔታ ግን አሳሳቢ ነው። የመውቂያ ማሽን በገባበት ቀዬ በሬ አይዞርም፤ በሞተሩ ጩኸት መካከልም አውጪ ሊሰማ አይችልም። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ብዙ የእርሻ መሬት ለከሰል በሚውለው ዲከረንስ ተሸፍኗል። ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይበቅላል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን በዚያ ማሳ ላይ አጨዳም ውቂያም የለም። ዛፉ ለገበሬው ገቢ አምጥቷልና ይህን እንደ ጥፋት መቁጠር አይገባም። ሆኖም አውድማ በሌለበት የአውድማ ዘፈን የሚማር ልጅ አይኖርም፤ ዘፈኑን የሚያውቁት ደግሞ በዕድሜ የገፉት ናቸው።

የእጅ ስልክ ያለው ወጣት በዚህ ረገድ ብዙ ሊሠራ ይችላል። ለመቅዳት ምቹው ጊዜ የአጨዳና የውቂያ ወቅት ነው። በቅድሚያ የዘፋኙን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ሰጥቷል። ከዚያም የዘፋኙን ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑንና ዘፈኑ የሚዜምበትን የሥራ ዓይነት በድምፅ ማስመዝገብ፣ ግጥሙንም በተዜመበት ቋንቋ ሳይቀንሱ መጻፍ ያስፈልጋል። ሲቀዳ ስልኩን ከአውጪው አፍ ሥር ከመደቀን ጥቂት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ የተቀባዮቹ ድምፅና የማጭዱ ምት አብሮ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።